የሪሞት ማስነሻና የቁልፍ ቺፕ ባይፓስ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

በድሬዳዋ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ሪሞት ማስነሻን (መኪናን ከሩቅ በሪሞት የሚያስነሳ መሣሪያ) በተመለከተ በየዕለቱ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለበዙ ሁሉንም በጠያቂዎቹ ሰፈር ወይም ከተማ ስም እዚህ በአንድነት እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ማርሹ ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ የሚነሳውም በቁልፍ ይሁን በአዝራር ግለጹልኝ። ይህ ካልተገለጸ መልሴ ግምት ይሆናል፤ በግምት ደግሞ የመኪና ሽቦ አይቆረጥም።

ከሳቢያን፦ ቶዮታ ቪትዝ፣ አውቶማቲክ፣ በቁልፍ የሚነሳ። ሪሞት ማስነሻ ካስገጠምኩ በኋላ ሞተሩ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል። ገጣሚው «ባይፓስ ይፈልጋል» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ ትክክል ነግሮዎታል። በቁልፍዎ ራስ ውስጥ የራሱ ባትሪ የሌለው ትንሽ ቺፕ አለ። በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተቀመጠው የቀለበት ቅርጽ ያለው ኮይል (ጥምጥም ሽቦ) በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ መግነጢሳዊ ሞገድ ሲያወጣ፣ ቺፑ ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዶ መለያውን ይመልሳል። መለያው በመኪናው ኮምፒውተር ካልተመዘገበ ነዳጁ ወይም የካንዴላው እሳት ይቋረጣል። ሪሞት ማስነሻው ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ማዞር ይችላል፤ በቺፑ ፈንታ መልስ መስጠት ግን አይችልም። ባይፓስ ማለት ሪሞቱ ሲያዝዝ ብቻ የተመዘገበውን መለያ ለኮምፒውተሩ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ችግሩ ከቺፑ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ በሪሞት ሲያስነሱ በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀይ የሴኩሪቲ መብራት ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ ቺፑ አልተነበበም። ሞተሪኖው ጭራሽ ካልዞረ ግን ባይፓስ ከመግዛትዎ በፊት የኮፈኖውን ስዊች፣ የፍሬኑን ሽቦና ፊውዞቹን ያስፈትሹ።

ከመጋላ፦ ባይፓሱን እንዴት ነው ፕሮግራም የሚያደርጉት?

መልስ፦ ሁለት ዓይነት ባይፓስ አለ። የመጀመሪያው ሳጥን ነው፤ በውስጡ የተመዘገበ መለዋወጫ ቁልፍ ወይም የቁልፍዎ ቺፕ ቅጂ ይቀመጣል። ሳጥኑ ራሱ ፕሮግራም አይደረግም፤ የሚመዘገበው ቺፑ ነው። ሥራው ያለው ሽቦው ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት በአንድ ኮሮላ ላይ የመሪውን የታችኛውን ሽፋን ፈትቼ ቀጭን ሽቦ በኮይሉ ላይ አምስት ጊዜ ጠመጠምኩ፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ በሳጥኑ ውስጥ ባለው ቺፕ ዙሪያ አዞርኩ፤ መሃሉን ቆርጬ በሪሌ (በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሠራ ስዊች) አገናኘሁት። በመጀመሪያው ሙከራ ቀዩ መብራት አልጠፋም። ጥምጥሙን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀለበቱ ፊት ሳስጠጋው በመጀመሪያው ትእዛዝ ተነሳ። ሪሌው ሽቦውን የሚያገናኘው ሪሞት ማስነሻው በሥራ ላይ እያለ በሚሰጠው የኔጋቲቭ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቺፕ ለመኪናው እንደሌለ ይሆናል።

ሁለተኛው የዳታ ሞጁል ነው፤ በኮይሉና በኮምፒውተሩ መካከል ካሉት የመገናኛ ሽቦዎች ጋር ይያያዛል። ፕሮግራም የሚደረገውም እሱ ነው። በአብዛኞቹ ላይ የሞጁሉን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ኃይል መስጠት፣ መብራቱ ሲለወጥ መልቀቅ፣ ከዚያም እውነተኛውን ቁልፍ ወደ «ኦን» አዙሮ መብራቱ እስኪያረጋግጥ መጠበቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ከሞጁል ሞጁል ስለሚለያይ መመሪያውን ሳያነቡ አይጀምሩ። በቶዮታ ላይ ደግሞ ቺፑን ይለዩ፤ በብዙ ቁልፎች ምላስ ላይ «ጂ» ወይም «ኤች» የሚል ፊደል ተቀርጿል፤ ለአንዱ የተዘጋጀ ሞጁል ሌላውን አያነብም።

ከገንደ ቆሬ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቺፑን ከቁልፉ አውጥቶ ኮይሉ ላይ በፕላስተር መለጠፍ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ የዚህ ሥራ ትልቁ በሽታም ይኸው ነው። በኮይሉ ላይ የተለጠፈ ቺፕ ቀንም ሌትም «የታወቅሁ ቁልፍ ነኝ» እያለ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሌባ በካቻቢቴ ማስገቢያውን ሰብሮ ቢያዞረው መኪናው ለእርሱም ይነሳል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው መከላከያ (ኢሞቢላይዘር) በአንድ ቁራጭ ፕላስተር ፈረሰ ማለት ነው። በአሮጌ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለ ልጥፍ በተደጋጋሚ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቶቹም አያውቁትም ነበር። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ሁሉ ቺፕ በሌለው ቅጂ ቁልፍ አስነስታችሁ ሞክሩ። ከተነሳ ወይ መኪናው ከፋብሪካው ኢሞቢላይዘር የለውም፣ ወይ አንድ ሰው ለጥፎበታል።

ከሐረር፦ ማንዋል ኮሮላ ነው ያለኝ። ይገጠምልኛል?

መልስ፦ እኔ አልገጥምም። በሐረር ዳገት ላይ ማርሽ አስገብቶ ማቆም የሁሉም ሹፌር ልማድ ነው፤ ልማዱም ተገቢ ነው። እንዲህ የቆመ መኪና በሪሞት ሲታዘዝ ሞተሪኖው ራሱ ይገፋዋል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የፍሪሲዮኑን ስዊች አልፌ ለአንድ ማንዋል መኪና ገጥሜ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መኪናው ተንቀሳቅሶ የግቢ በር መታ። በሩ አጠገብ ልጅ አለመኖሩን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ከከዚራ፦ በእኔ አስተያየት መኪናውን ለማቀዝቀዝ ብሎ አስቀድሞ በሪሞት ማስነሳት ነዳጅ ማባከን ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ይበቃል።

ከሳቢያን፦ ዛፍ ለበዛበት ለከዚራ ሰው ጥላ መምከር ቀላል ነው። እኛ ሰፈር በግንቦት ስምንት ሰዓት ላይ መሪው አይያዝም። ሕፃን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው መኪናው አስቀድሞ ቢቀዘቅዝለት ምን ክፋት አለው?

ከከዚራ፦ መስኮት ከፍቶ መንዳትም ያቀዘቅዛል።

መልስ፦ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ትክክል ናችሁ፤ አሁን ግን ወደ ባይፓሱ እንመለስ። አምስት ደቂቃ ኤሲ ከበቂ በላይ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን በሪሞት አታስነሱ፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም።

ከአሸዋ፦ የእኔም አይነሳም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዓይነቱ? ዓመቱ? ማርሹ? ከላይ የጻፍኩትን ያንብቡና እንደገና ይጠይቁ።

ከለገሀር፦ ቁልፌ ጠፍቶብኛል። በባይፓስ ማስነሳት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ባይፓስ የሚሠራው ከተመዘገበ ቁልፍ ነው። ሊብሬዎንና መታወቂያዎን ይዘው ወደ ቁልፍ ፕሮግራም አድራጊ ይሂዱ።

ከመጋላ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ መኪናውን ሳላይ ዋጋ አልናገርም።

ከሳቢያን፦ ለኤሌክትሪክ መኪናስ?

መልስ፦ አብዛኞቹ በስልክ መተግበሪያ ኤሲያቸውን ስለሚከፍቱ ይህ ሥራ አያስፈልጋቸውም።

ከሐረር፦ ከላይ ለጠየቅሁት ማንዋል መኪና፣ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ አቆማለሁ ብዬ ቃል ብገባስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሴ ያው ነው። እርስዎ ቃልዎን ቢጠብቁ እንኳ መኪናውን የሚያውሱት ሰው ወይም የሚያጥበው ልጅ ቃል አልገባም።

ከመጋላ፦ የዳታ ሽቦውን በቴስት ላምፕ ፈልጌ ላግኘው?

መልስ፦ በፍጹም። የአምፖል ቴስተር የሚስበው ኃይል ለዳታ መስመር ከባድ ነው፤ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል። ዲጂታል መልቲሜትር ይጠቀሙ፤ በመሪው ሥር ቢጫ ሽፋን ያላቸውን የኤርባግ ሽቦዎች ደግሞ በምንም አይንኩ። ያገኙትን ሽቦ በካውያ በይደው በፕላስተር ይሸፍኑት፤ ጠምዝዞ መተው በእኛ መንገድ ንዝረት ብዙ አይቆይም። ከሠሩ በኋላ ሪሞቱን አጥፍተው ቺፕ በሌለው ቁልፍ ይሞክሩት፤ ሞተሩ መነሳት የለበትም። ከተነሳ ባይፓሱ ሳይታዘዝም እየሠራ ነው፤ መኪናውን ከማሳደርዎ በፊት መልሰው ይፍቱት።