ሙሉውን 550 ዶላር ክፈል ተባልኩ፣ ልክ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ዳላስ ነው፣ ስድስት ዓመት ለሰው ስነዳ ቆይቼ ዘንድሮ ያገለገለ ትራክ በራሴ ስም ገዛሁ። የገዛሁት ሴፕቴምበር ላይ ነው ግን ኢንጂኑ ችግር ስለነበረበት ከሻጩ ግቢ በቶው ተጎትቶ ቀጥታ ጋራዥ ገባና ሎድ ማንሳት የጀመርኩት ኦክቶበር 8 ነው። አሁን ወረቀት የሚሠራልኝ ሰው የ2290 ዓመት ከጁላይ ስለሚጀምር ሙሉውን 550 ዶላር ትከፍላለህ አለኝ፣ የሱ የሥራ ክፍያ ደግሞ ለብቻው ነው። በዛ ላይ በኬንታኪ አልፌ ኦሃዮ ስለምመላለስ ለኬንታኪም ሌላ ታክስ አለብህ ተባልኩ። ናፍጣ በቀዳሁ ቁጥር ታክስ እከፍል የለ እንዴ? ስንቴ ነው የሚከፈለው?

መልስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ሙሉውን ግን እንዳትከፍል!

2290 የፌዴራሉ የከባድ መኪና ታክስ ነው፣ 55,000 ፓውንድና ከዛ በላይ የሆነ ሁሉ አለበት፣ ክብደቱ የሚታሰበው ደግሞ ከነትሬለሩና ከነጭነቱ ስለሆነ ጠቅላላው 80,000 የሚደርስ ከሆነ ጣሪያው ላይ ነህ፣ ከ75,000 በላይ ለዓመት 550 ነው። ዓመቱ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 መሆኑም እውነት ነው፣ ሰውዬው እስከዚህ ልክ ነው። ያንተ ሂሳብ የሚጀምረው ግን ትራኩ በስምህ ሆኖ መንገድ ላይ ከተነዳበት ወር ነው፣ እሱም ኦክቶበር። ከኦክቶበር እስከ ጁን 9 ወር ነው፣ 550ን ለ12 አካፍለህ በ9 ስታባዛው 412 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። 137 ዶላር ከ50 አዳንክ ማለት ነው፣ ገና ለጀመረ ሰው ይሄ ቀላል ብር አይደለም። እስከ ኖቬምበር 30 አስገባ፣ የቶውን ደረሰኝና የጋራዡን ወረቀት ደግሞ እንዳትጥል፣ ሴፕቴምበር ላይ እንዳልነዳህ የሚያሳይልህ እሱ ነው።

ሌላው፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይሆንም፣ ኢአይኤን የሚባለው የንግድ ታክስ ቁጥር ያስፈልግሃል፣ አዲስ ካወጣህ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ሲስተም ውስጥ እስኪገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ዛሬውኑ ጀምር። ከፍለህ ስትጨርስ ማህተም ያለበት ስኬጁል ዋን የሚባል የመክፈልህ ማረጋገጫ ይመጣልሃል፣ ታርጋ ስታወጣና ስታሳድስ የሚጠይቁህ እሱን ነው። ቪን ቁጥሩን (የትራኩን መለያ) በደንብ አስተያየው፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ታርጋ ቢሮ ሄደህ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው። እባክህ ሰው ቢሠራልህም ኮፒው አንተ ጋ ይሁን፣ ታክሱ በስምህ ነው፣ አይአርኤስ የሚያውቀው አንተን እንጂ ወረቀት ሠሪውን አይደለም።

ወደ ኬንታኪው ስንመጣ ትክክል ነው፣ አለብህ። ስቴቱ 60,000 ፓውንድና ከዛ በላይ የሆነን ትራክ በማይል 2.85 ሳንቲም ያስከፍላል፣ 1,000 ማይል ብትነዳ 28 ዶላር ከ50 ነው። ኒው ዮርክ፣ ኒው ሜክሲኮና ኦሪገንም የየራሳቸው የማይል ታክስ አላቸው። ናፍጣ ላይ የምትከፍለው ሌላ ነው፣ የስቴቱ ድርሻ ኢፍታ በሚባለው በየሦስት ወሩ በምታስገባው የነዳጅ ታክስ ሪፖርት በነዳህበት ማይል ልክ ለየስቴቱ ይከፋፈላል፣ የኬንታኪን የማይል ታክስ ግን አይሸፍንልህም። ኦሪገን ብቻ ለየት ይላል፣ የማይል ታክስ የሚከፍል ትራክ እዛ የስቴቱን የናፍጣ ታክስ አይከፍልም።

ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው የኬንታኪም የኢፍታም ሪፖርት የሚገባው እስከ ጃንዋሪ 31 ነው። ስለዚህ ከኦክቶበር 8 ጀምሮ በየስቴቱ የነዳኸውን ማይል ከኢኤልዲህ (ትራኩ ላይ ካለው የጉዞ መመዝገቢያ መሣሪያ) አውጥተህ አስቀምጥ፣ ባዶ ትሬለር ይዘህ የተመለስክበትም አብሮ ይቆጠራል።