አምስተኛው የዶሮ ቤት ሲጨመር መስመሩ ለምን ታመመ?

ከለገጣፎ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ለሌላውም አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። አምስት የዶሮ ቤት አለህ፣ በየቤቱ ሙቀት የሚለካ ቦርድ፣ ቢሮህ ደግሞ ዋናው ቦርድ። ሁሉም በማክስ 485 ሞጁል (አርኤስ-485 በሚባለው መስፈርት መረጃ በሁለት ሽቦ የምትልክና የምትቀበል ትንሽ ሰሌዳ) እና በ80 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ተያይዘዋል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት። ሦስት ቤት ሳለ ደህና ነበር፤ አምስት ሲሆን አንዱ ይመልሳል፣ አንዱ ዝም ይላል። ገመዱን ልቀይር ወይ ነው ያልከኝ።

ገመዱን ተወው። መጀመሪያ ሞጁሉን ጠጋ ብለህ እይ። 121 የተጻፈባት፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ሬዚስተር አለች። 120 ኦም ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ 1 የዜሮ ብዛት ናት። እኔም አንድ ጊዜ ይቺን ሳላይ ቀኑን ሙሉ ገመድ ስቀያይር ውዬ፣ ማታ በስልክ መብራት ነው ያገኘኋት።

ሥራዋ ማሚቶ ማስቀረት ነው። ሲግናሉ ገመዱ ጫፍ ደርሶ የሚውጠው ሲያጣ፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደጮኸ ሰው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ከገመዱ ኢምፒዳንስ (ገመዱ ለሚሮጥበት ሲግናል ከሚያሳየው ተቃውሞ) ጋር የሚቀራረብ ሬዚስተር ጫፉ ላይ ካለ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቦታዋ ሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው። ያንተ ግን ስድስቱም ቦርድ ላይ አለች! ስድስት 120 ጎን ለጎን ሲታሰሩ 20 ኦም ይሆናሉ፤ የ485 መስፈርት ደግሞ ላኪው ቢያንስ 1.5 ቮልት እንዲሰጥ የሚጠይቀው በ54 ኦም ነው። አራት ቦርድ ሳለ በ30 ኦም እየተንገዳገደም ይሠራ ነበር፣ ሁለት ሲጨመርበት አቃተው።

ደግሞ በ9600 አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ይቆያል፤ ሲግናሉ 80 ሜትር ሄዶ ለመመለስ አንድ ማይክሮሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። አንተን የጎዳህ ማሚቶው ሳይሆን የመድኃኒቱ ብዛት ነው።

አሁን ኃይሉን ከሁሉም ቦርድ አጥፋ (መብራት ራሱ ከጠፋልህ ደግሞ ተገላገልክ)፣ ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ ኤ እና ቢ (ሞጁሉ ላይ A እና B የተባሉት ሁለቱ የሲግናል ሽቦዎች) መሃል ለካ። 20 አካባቢ ካነበበ ጥፋቱ ተገኘ። የሁለቱን ጫፍ ቦርዶች ሳትነካ ከመሃሉ አራት ላይ 121ዷን ንቀል። ከዚያ 60 ገደማ ማንበብ አለበት። ይሄ ሁሉ ግን ገመዱ ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ ከሄደ ነው። ከቢሮ ለየቤቱ ለብቻው ዘርግተህ ከሆነ ጫፉ ሁለት መሆኑ ቀረ፣ ዝርጋታውን አስተካክል። ኤ እና ቢም አብረው የተጠማዘዙት ጥንድ ላይ ይሁኑ፣ ማለትም ሰማያዊውና ነጭ ሰማያዊው። አንዱን ብርቱካንማ ላይ አንዱን ሰማያዊ ላይ የሚያስር ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ማንም ሳይልክ ዝባዝንኬ ፊደል ከመጣ፣ ተቀባዩ 200 ሚሊቮልት ልዩነት ስላላገኘ እየወላወለ ነው። ቢሮ ያለው ቦርድ ላይ ብቻ ከ5 ቮልት ወደ ኤ 560 ኦም፣ ከቢ ወደ ግራውንድ ሌላ 560 እሰር፤ 250 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጥሃል። ግን ይሄን ከመንካትህ በፊት ቴስተሩ ስንት እንዳነበበ ጻፍልኝ።