ጅማት፣ ነርቭ፣ የነርቭ ሕዋስ፦ የቱን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ለታካሚዎች አጭር ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ "ጅማቴን አመመኝ"፣ ሌላው "ነርቬ ነው" ይለኛል። መጽሐፉ ደግሞ "የነርቭ ሕዋስ" ይላል። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አዎ፣ ሦስቱም ይለያያሉ። ታካሚዎችሽ ላይ ግን አትፍረጂ፤ "ነርቭ" የመጣበት የጥንቱ ግሪክኛ ቃል ራሱ መጀመሪያ ጅማት ማለት ነበር።

ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል። ይወጠራል፣ ይስባል፣ መልእክት ግን አያደርስም። ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራሙን በጣትሽ መያዝ ትችያለሽ።

መልእክት የሚያልፈው በነርቭ ነው። ነርቭ ደግሞ አንድ ሕዋስ አይደለም፤ የብዙ ሕዋሳት ቀጫጭን ክሮች አብረው የታሰሩበት ነው፣ ስለዚህ እጁን ስለት የቆረጠው ሰው "ነርቩ ተቆረጠ" እንጂ "የነርቭ ሕዋሱ ተቆረጠ" አይባልም። የእግር ጣት ጡንቻን የሚያዘው ሕዋስ ዋና አካሉ ያለው ጀርባ ላይ፣ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው፤ እግር ድረስ የሚወርደው ክሩ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል! (ሕብለ ሰረሰርን "አከርካሪ" የሚሉ አሉ። አከርካሪ አጥንቱ ነው።)

ክሮቹም እኩል አይፈጥኑም። ስብ የበዛበት ሽፋን ካላቸው አንዳንዶቹ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳሉ፤ ሽፋን የሌላቸው 1 ሜትር ገደማ ቢሄዱ ነው። እንቅፋት ሲመታን መጀመሪያ ውግት አድርጎን፣ ማቃጠሉ ዘግየት ብሎ የሚመጣው ለዚህ ነው።

"ሕዋሳቱ ተጣብቀዋል" ብለሽም አትጻፊ። በአብዛኛው በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት አለ፣ መልእክቱን የሚያሻግረው ኬሚካል ነው። "ይገናኛሉ" ይበቃል።

እናንተ አገር መቼም ቡና አይጠፋም፤ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው "ቡናው ነርቬን ነካው" ይላል። ለወሬ ምንም አይደል፣ ለጽሑፍሽ ግን ልክ አይመጣም። አደኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ሕዋሳት ላይ እያረፈ እንቅልፍ ያመጣል፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ አደኖሲኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። "የአንጎል ሕዋሳት" በይ።

ታካሚ "ጅማቴን" ሲልሽ ቃሉን ከማረም ይልቅ ስሜቱን ጠይቂ። "ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል" ካለ ነርቭ መጠርጠር ነው፤ ሲንቀሳቀስ ብቻ አንድ ቦታ ላይ የሚያመው ከሆነ እውነትም ጅማቱ ሊሆን ይችላል።