የመርዶውን ነገር ሳትነጋገሩ አትሂዱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን በኋላ ቫኑዋቱ በምትባል የፓስፊክ ደሴቶች አገር ሁለት ዓመት እንዳገለገልን በጨረፍታ ጠቅሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለዚሁ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የዛሬው አምድ ለነሱ ነው።

ጥያቄ፦ «እህቴ እንደምን ከርመሻል? የምጽፍልሽ ከአዳማ ነው። እኔ 61፣ ባለቤቴ 66 ዓመታችን ነው። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሞቃት የደሴት አገር ሄደን ሁለት ዓመት እንድናገለግል ጠይቃናለች። የባለቤቴ ልብ ተነሥቷል። ልጆቻችን ግን ‹በስተርጅና ባሕር ማዶ ምን ልትሠሩ?› ይሉናል። እኔ ግፊት አለብኝ። ቤቱን፣ ጡረታውን፣ ዕድሩንስ ለማን ጥዬ? እውነቱን ንገሪኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ የጠቀስሻቸው ነገሮች ሁሉ መላ አላቸው። ያልጠቀስሽው አንድ ነገር አለ፤ እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጓዙ። ለልጃችሁ ውክልና ስጡና ጡረታውን እሱ ይከታተል። ዕድሩን በፍጹም አታቋርጡ። የእኛን ልጃችን በየወሩ ይከፍል ነበር፤ ሰው ሲሞትም በእኛ ቦታ ድንኳን ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ቀጥታ በረራ የለም። እኛ ሦስት አውሮፕላን ቀያይረን በአውስትራሊያ በኩል ነው የገባነው። በዚያ በኩል ለማለፍ ብቻም ቪዛ ይጠየቃልና ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። በርበሬና ሽሮ ከያዝሽ መግቢያው ላይ በሚሰጥሽ ቅጽ አስመዝግቢ፤ ተባይ እንዳይገባባቸው በጣም ይጠነቀቃሉ። የግፊት መድኃኒትሽን ደግሞ ቢያንስ የስድስት ወር ያዢ። እኔ የሦስት ወር ብቻ ይዤ ሄድኩ። ከአገር ቤት የተላከልኝ ዘገየና አሥር ቀን ያለ ክኒን ቆየሁ። ነርስ ሆኜ ስለኖርኩ ዛሬም ይቆጨኛል።

የአዳማን ሙቀት ለምጄዋለሁ ብለሽ አትተማመኚ። አዳማም እኔ የምኖርባት ሐዋሳም ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው። ሲመሽ ነፋሻ ነው። እኛ የነበርንበት መንደር ግን ኤፋቴ ደሴት ላይ፣ ከባሕሩ አፍ ነው። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይውላል። ጨዋማው አየር የጣራውን ቆርቆሮ ይበላዋል።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ሳምንት ሁለት ሳይክሎን፣ ከባሕር የሚነሣ ከባድ አውሎ ነፋስ፣ መታን። ጁዲ የተባለችው 22 ቀን፣ የአድዋ ዋዜማ መጣች። ኬቪን የተባለው 24 ቀን፣ የአድዋ ማግስት። ሁለቱንም ቀን ከመንደሩ ሰው ጋር በብሎኬት የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠለልን። በመካከል ባለችው ቀን ባለቤቴ በጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ እኮ አድዋ ነው» አለኝና መዶሻውን ይዞ ወጣ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ሥራ ባለሙያ ነበር። በዚያ መንደር የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ነው። ከጣራው በአሸንዳ ወርዶ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ንፋሱ አሸንዳውን ገንጥሎት፣ ታንከሩ ውስጥ ቅጠልና የባሕር ውሃ ገብቶ ነበር። ከሦስት ወጣቶች ጋር ታንከሩን አጥበው አሸንዳውን መልሰው ሲያስሩ ዋሉ። በማግስቱ ኬቪን ያንኑ አሸንዳ ወሰደው። ቅዳሜ እንደገና ሠሩት። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ባለቤቴን «ኦልፋላ» ይለው ጀመር። በቢስላማ፣ በአገሩ መግባቢያ ቋንቋ፣ ትልቅ ሰው ማለት ነው። ክብር አለው፤ የእኛን «አባባ» ይመስለኛል።

«ምን ልትሠሩ?» ላሉት ልጆችሽ ይህን ንገሪልኝ። እዚያ ዕድሜ ሸክም አይደለም። «ስቶሪያን» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ቁጭ ብሎ መጫወት ማለት ነው። አብዛኛው ሥራዬ እሱ ነበር። ነፍሰ ጡሮች ይመጣሉ፣ ሰሌን ላይ አብረን እንቀመጣለን፣ ምኑም ሳይጠየቅ አንድ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ሲነሡ አንዷ እጄን ይዛ እውነተኛውን ጥያቄዋን ትጠይቀኛለች። ወጣት ብሆን ያን አንድ ሰዓት አልታገሥም ነበር።

ምግቡ ያስደስትሻል። ደቡብ ኖረሽ ከሆነማ ቤትሽ ነው። ጎደሬና ቦዬ ዋና ምግባቸው ነው። «ላፕላፕ» የሚባል አላቸው። ጎደሬውን ወይም ሙዙን ይፍቁትና እንደ ሊጥ ያደርጉታል። በሰፊ ቅጠል ላይ ዘርግተው የኮኮናት ወተት ያፈሱበታል። ከዚያ ይጠቀልሉትና በጋለ ድንጋይ መሃል ይቀብሩታል። መጀመሪያ ቀን ቅጠሉ ሲገለጥ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ልክ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ የእናቴ ቆጮ ሽታ። ቡናም አያሳስብሽ። ታና በምትባል ደሴታቸው ቡና ይበቅላል። አዎ፣ ታና! ባለቤቴ ስሟን ሲሰማ «ገዳም አለባት?» ነበር ያለው። የታና ቡና እየቆላሁ ጎረቤቶቼን እጠራ ነበር፤ ጭሱን ለማሽተት ሕፃናቱ ይቀድማሉ።

ከባለቤትሽ ጋር ግን ተነጋገሩ። እዚህ እሱ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለው፣ አንቺ የሴቶች ኅብረት አለሽ። እዚያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ብቻ ናችሁ። እኛ 38 ዓመት በትዳር ኖረን ስለ አንድ ባልዲ ሦስት ቀን ተኳርፈናል። ሁለተኛ እንዳይደገም አመሻሽ ላይ ለየብቻ እንራመድ ጀመር፤ እሱ በባሕሩ፣ እኔ በኮኮናቱ በኩል። ጠቀመን።

አሁን ወዳልጠየቅሽኝ ልምጣ። በሄድን በአሥረኛው ወር ይርጋለም ያለችው ታላቅ እህቴ ሞተች። ልጆቼ ደበቁኝ። «በሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች?» ብለው ነው፤ ክፋት የለበትም። በየሳምንቱ ስደውል «ደህና ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው» ይሉኛል። ከአርባ ቀን በኋላ አንዲት የሐዋሳ ጎረቤቴ ለሌላ ጉዳይ ደወለችና ገና ከሰላምታው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። «በምን?» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ነገረኝ።

ጮህኩ። ቤታችን ክፍት ነውና ተሰማ። የመንደሩ ሴቶች ሰሌናቸውን ይዘው መጡ። እህቴን አያውቋትም፣ ቋንቋዬንም አያውቁም፤ ግን ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ምግብ ሠርተው ያመጡልን ነበር። አንዲት አሮጊት ሁለት ሌሊት እግሬ ሥር ተኝታለች። ያን ለቅሶ እስክሞት አልረሳውም። ያም ሆኖ እህቴ አፈር ስትለብስ እኔ እየሳቅሁ ኮኮናት ስፍቅ ነበር፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለዚህ እህቴ፣ ሻንጣ ከማሰርሽ በፊት ልጆችሽን ሰብስቢና «አንዳች ነገር ቢሆን በዚያው ቀን ይነገረኝ» በያቸው። መርዶውን ማን እንደሚነግርሽም ወስኑ። እዚያ ያለው ፓስተር ቁጥር በልጆችሽ ስልክ ውስጥ ይኑር፤ ለሱ ቀድመው ይደውሉና እሱ ከሰው ጋር ሆኖ ይምጣልሽ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ቫኑዋቱ ክርስቲያን አገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ክርስቲያን አገር ነው። በመንግሥታቸው አርማ ላይ «ሎንግ ጎድ ዩሚ ስታናፕ» ተብሎ ተጽፏል፤ በእግዚአብሔር እንቆማለን ማለት ነው። ወንጌል ልንጀምርላቸው አልሄድንም። የጠሩን እነሱ ናቸው፤ የሠራነውም በእነሱ ፓስተሮች ሥር ነው።

የእኛንም ታሪክ አስብ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ የውጭ አገር ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ሰዎች ነበሩ ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። ያስፋፉት የአገሩ ሰዎች ናቸው። እዚያም እንደዚሁ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ጆን ዊሊያምስ ኤሮማንጎ ደሴት ላይ ሲወርድ ተገደለ። ከአንድ ቀን በፊት ግን የሳሞአ ደሴት አስተማሪዎችን ታና ላይ አውርዶ ነበር። የደሴት ሰው ለደሴት ሰው ማለት ነው። ከ170 ዓመት በኋላ፣ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ የኤሮማንጎ ሰዎች የዊሊያምስን ዘሮች ጠርተው ዕርቅ አወረዱ። ያ ሁሉ ዘመን ደሙ ከብዷቸው ነበር። ይህን ሲያጫውቱኝ የእኛው የሽማግሌ ዕርቅ ነው የታየኝ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ዘንድ የሚሄድ ሰው የሚሰጠውን ያህል ይቀበላል።

ጥያቄ፦ «እማማ፣ ወላጆቼ ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ሊሄዱ ነው። እኔ ሐዋሳ ብቻዬን እቀራለሁ። በስንት ሰዓት ነው የምደውልላቸው? ምንስ ባወራቸው ይሻላል?»

መልስ፦ ልጄ፣ የሚሄዱት ቫኑዋቱ ከሆነ በስምንት ሰዓት ይቀድሙሻል። አንቺ ማታ ከሥራ ገብተሽ 2 ሰዓት ላይ ብትደውዪ እነሱ ዘንድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ እናትሽ ደንግጣ ትነሣለች። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ደውዪ። እነሱ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል፤ ሙቀቱ በርዶ ደጅ የሚቀመጡበት ሰዓት ነው።

የምታወሪው አይጨነቅሽ። ፍቅር ሐይቅ ዳር የተሠራውን፣ ባጃጁ ስንት እንደገባ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንዳገባ ንገሪያት። እኔ እዚያ ሆኜ በጣም የሚርበኝ እንዲህ ያለው ወሬ ነበር። ያመመው ሰው ካለም «ታሟል» በያት። አትደብቂያት።