ከቼናይ ወደ ቬላንካኒ ማርያም

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ቼናይ ልወስዳት ነው። እዚያ ታክመው የተመለሱ ጎረቤቶቻችን ስለ ቬላንካኒ ማርያም ስላወሯት «ሳልሳለማት አልመለስም» ብላለች። እኛ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ነን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የካቶሊክ ነው። መሄድ ይቻላል? ለታማሚስ አይከብድም?
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ከተሳላሚዎቹ መካከል ሂንዱዎችና ሙስሊሞችም ብዙ ናቸው። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ ግን የራስዎን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይጠብቁ፤ ለእናትዎ ሕሊና ዕረፍት እንዲሆን ከመነሳታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ብታማክሩ መልካም ነው።

ቬላንካኒ በታሚል ናዱ ግዛት በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ቤተ ክርስቲያኗ «የመልካም ጤና እመቤታችን» በሚል ስም ስለምትጠራ ሕመምተኛ የሚበዛባት ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢው ትውፊት እመቤታችን ወተት ለሚያደርስ አንድ እረኛ፣ ቀጥሎም አሬራ ለሚሸጥ አንካሳ ልጅ ተገልጣለች፤ ኋላም ከማዕበል የተረፉ የፖርቱጋል መርከበኞች የሣር ክዳን የነበረውን ጸሎት ቤት በድንጋይ ሠርተው፣ ከቻይና ያመጧቸውን የሸክላ ሳህኖች በመንበሩ ላይ አኑረዋል ይባላል። የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ቤተ ክርስቲያኗን እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ባዚሊካ፣ ማለትም ለታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ወደሚሰጥ የክብር ማዕረግ ከፍ አድርገዋታል።

እናትዎ ሳሪ (የሕንድ ሴቶች ልብስ) የለበሰችውን የእመቤታችንን ሐውልት ሲያዩ መገረማቸው አይቀርም፤ ስለቱ ግን እንግዳ አይሆንባቸውም። የታመመ እጅ፣ ዓይን ወይም ልብ ቅርጽ በብረት አሠርቶ የሚያስገባ፣ ጸጉሩን የሚላጭ፣ በአሸዋማው መንገድ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ማርያም ኩሬ የሚሄድ ሰው ያያሉ። በጉልበት መሄድ ግን የግድ አይደለም፤ ታማሚ ባይሞክረው ይሻላል።

የሚከብደው ጊዜውና ርቀቱ ነው። ዓመታዊው በዓል ሰንደቅ ከሚሰቀልበት ከነሐሴ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 3 ድረስ ይቆያል፤ በእነዚያ ቀናት የሚጎርፈው ሕዝብ ለጤነኛም የሚያደክም በመሆኑ ታማሚ ይዞ መግባትን አልመክርም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ በዚያ ዳርቻ ዝናብና ማዕበል ይበረታል። ቀለል ያለው ወቅት ጥርና የካቲት ነው። መንገዱ ከቼናይ ከ300 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ በሌሊት ባቡር እስከ ናጋፓቲናም ተጉዞ ቀሪውን አጭር መንገድ በመኪና መጨረስ ከአውቶቡስ ይልቅ ለወገብ ይቀላል። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የደረሰው ሱናሚ በዚያ ለመሳለም የመጡ ብዙ ሰዎችን ገድሏል፤ ዛሬም ሞገዱ ኃይለኛ ስለሆነ ለመታጠብ ወደ ውኃው አይግቡ።

ከሁሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የሕክምና ቀጠሮን ለስለት ብሎ ማሳለፍ አይገባም። ሐኪሙ ረጅሙን መንገድ ከከለከለ፣ እዚያው ቼናይ ውስጥ በማይላፖር አካባቢ የሐዋርያው ቶማስ መቃብር እንደሆነ በሚታመንበት ስፍራ ላይ የተሠራው የሳን ቶሜ ባዚሊካ አለ። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠርተውት ዛሬ ያለው ሕንፃ በ19ኛው መጨረሻ የታነጸ ሲሆን፣ በታክሲ ደርሶ መመለሱ ከግማሽ ቀን አይበልጥም።