«ልጄ የፊት ጥርሱ ጠቆረ፤ ይነቀል ወይ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ9 ዓመት ልጅ አለኝ። የዛሬ ዓመት ገደማ ሲሮጥ ወድቆ የላይኛው የፊት ጥርሱ ተሸረፈ። ጥቂት ቀን አመመው፣ ከዚያ ተወው። አሁን ጥርሱ ጠቆር ብሏል። ከበላዩ ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይጠፋል። አንድ ክሊኒክ «ነርቩ ሞቷል፣ ይነቀል» አሉኝ። ልጁ ግን ምንም አያመውም። ምን ላድርግ? (የልጅ እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለመንቀል አይቸኩሉ። ግን «አያመውም» ብለውም አይተዉት።

የጥርስ መጥቆር ብቻውን ነርቩ ሞቷል አያሰኝም። ብጉሩ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ ብጉር መግል መውጫ ያገኘበት ቀዳዳ ነው። መግሉ ስለሚፈስ ግፊት የለም፤ ልጁም አያመውም። ከሥሩ ጫፍ ያለው አጥንት ግን እየተጎዳ ነው።

ዋናው ጥያቄ የሥሩ ነው። የላይኛው የፊት ቋሚ ጥርስ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበቅላል። ሥሩ ግን አድጎ ለመጨረስ ገና 3 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ሥሩን የሚያሳድገው ደግሞ ውስጡ ያለው ሕያው ነርቭና ደም ሥር ነው። እሱ ከሞተ ሥሩ በደረሰበት ይቆማል፦ አጭር፣ ግድግዳው ስስ፣ ጫፉ እንደ ጡሩንባ አፍ የተከፈተ። ለአዋቂ የሚሠራው ሩት ካናል (የሥሩን ውስጥ ሞርዶ፣ አጽድቶ መሙላት) እዚህ አይሆንም። ሙሌቱ በተከፈተው ጫፍ ወደ አጥንት ያልፋል፤ ስሱን ግድግዳ መሞረድም ጥርሱን ለስብራት ያጋልጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ ያስነሱና «የሥሩ ጫፍ ተዘግቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ካልተዘጋ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጫፉን መድፈን ነው። ድሮ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እየቀያየሩ ወራት ይጠብቁ ነበር፤ መድኃኒቱ ውስጡ ሲቆይ ግን ጥርሱን ያደክመዋል። አሁን ኤምቲኤ የሚባል፣ እርጥበት ባለበት የሚጠነክር ሲሚንቶ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጫፉ ላይ ይደረጋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ያልቃል። ሥሩ ግን እንዳጠረና እንደሳሳ ይቀራል።

ሁለተኛው ደም ወደ ባዶው ሥር መመለስ ነው። የጃፓን ሐኪሞች በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ ታካሚ ላይ ያገኙትን ውጤት ካሳተሙ ወዲህ እየተስፋፋ መጥቷል። ውስጡ በቀጠነ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይታጠባል (የበረኪና ዘር ነው፤ ቤት ውስጥ እንዳይሞከር!)። መድኃኒት ተደርጎበት ለጥቂት ሳምንታት ይዘጋል። መግሉ ሲደርቅ ሐኪሙ አድሬናሊን በሌለው ማደንዘዣ አደንዝዞ ከጫፉ አለፍ ብሎ ይወጋና ያደማዋል። ደሙ ውስጡን ሞልቶ ይረጋል፤ ከላዩ በኤምቲኤ ይደፈናል። ሲሳካ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያሉ ሕዋሳት ረግቶ የቆመውን ደም ተከትለው ይገባሉ፤ ሥሩም ሊወፍርና ሊረዝም ይችላል። ኢንፌክሽኑ ብዙውን ጊዜ ይድናል። የሥሩ እድገት ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል፣ ዋስትና የለውም። ጥርሱም ይበልጥ ሊጠቁር ይችላል።

እኔ ሥሩ በጣም አጭር ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሊዘጋ ትንሽ ከቀረው፣ ወይም ቤተሰቡ ለክትትል መመላለስ ካልቻለ፣ ጫፉን መድፈን ይሻላል። በሁለቱም ቢያንስ በ6 ወር፣ በዓመትና በ2 ዓመት ራጅ ያስፈልጋል።

መንቀል ለምን መጨረሻ ሆነ? የልጅ መንጋጋ እያደገ ስለሆነ እድገቱ ሳያልቅ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) አይተከልለትም። ጥርሱ የተነቀለበት አጥንትም ይሟሽሻል። ጥርሱ 10 ዓመት ብቻ ቢቆይ እንኳ ትልቅ ትርፍ ነው።

ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መስጠት አያድነውም፤ በሞተ ነርቭ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያደርስ ደም የለም። ፊቱ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

የሕፃናት ጥርስ ወይም የሩት ካናል ስፔሻሊስት ይፈልጉ። አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድዎ በፊት ደውለው «ሥሩ አድጎ ላልጨረሰ ጥርስ ኤምቲኤ ትሠራላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። እስከዚያው ቆሎና ሸንኮራ በፊት ጥርሱ እንዳይነክስ ይንገሩት፤ ጥርሱን መቦረሽ ግን አያቋርጥ።