መልስ፦ ጅማ ላሉ እናት አስታማሚ ስለመቅጠር

ሰላም እህቴ። እናትሽ ጅማ ሄርማታ፣ አንቺ አዲስ አበባ። ከስትሮክ በኋላ አልጋ ለያዙ እናትሽ አስታማሚ ስትቀጥሪ ምን ማየት እንዳለብሽ ጠይቀሻል። እግዜር ይማርልሽ።

መጀመሪያ ሥራውን ለዪው። ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ ለለመደች አስታማሚ ይሆናል። መርፌና የሽንት ቱቦ ግን የነርስ ሥራ ነው። ነርስ ነኝ ካለች የሙያ ፈቃዷን አሳዪኝ በያት፤ ቀኑ እንዳላለፈም እዪ። ቅር ካላት ይቅርባት። መታወቂያና ተያዥ የግድ ነው፣ በዘመድ በኩል ብትመጣም።

ዋናው ጣጣ የአልጋ ቁስል ነው። በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎናቸው መቀየር አለበት፣ ሌሊትም ጭምር። ስለዚህ አንድ ሰው 24 ሰዓት ይሠራል ብለሽ አታስቢ፤ እሷም ሰው ናት፣ እንቅልፍ ይጥላታል። ለሌሊቱ ተረኛ ፈልጊ። ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድ ተረከዛቸውንና ከወገባቸው በታች ገልጦ ይይ። ቁስሉ ሲጀምር ቆዳው ይቀላል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በእጅ ይታወቃል።

ሲበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደሙ። በጀርባ አስተኝቶ ሾርባ ማጠጣት ትን ያስብላል፣ ለሳንባ ምችም ይዳርጋል። በዋጡ ቁጥር የሚያስላቸው ከሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይታዩ።

መድኃኒቱ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ማታ ማታ በቴሌግራም ፎቶውን ትላክልሽ።

እናትሽን ደግሞ ብቻቸውን ሲሆኑ ደውለሽ ጠይቂያቸው። አስታማሚዋ አጠገባቸው ካለች «ደህና ነኝ ልጄ» ነው የሚሉሽ።